አስተናጋጁ ከበስተኋላ የቆመበት ፎቶ

ሰፈሩ «ካፒቴኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ያወጣለትም ለፌዝ ነበር። ካፒቴኑ አስራ ዘጠኝ ዓመት በመዝናኛ መርከብ ላይ ሲሠራ የመርከቧን መሪ ቀርቶ ባሕሩን እንኳ በቅጡ አላየም። ሥራው ከታች፣ መስኮት በሌለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የተሳፋሪዎችን አንሶላና የአስተናጋጆችን ነጭ ጃኬት መተኮስ ነበር።

«ባሕር ምን ይመስላል?» ሲሉት «እንፋሎት» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

መርከቧ አርጅታ ለብረት ከተቆራረጠች ወዲህ ደግሞ ቤቱ በእሷ ዕቃ ተሞላ። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ሰሃኖች፣ የነሐስ ቁጥር የተንጠለጠለባቸው የክፍል ቁልፎች፣ የእራት ሜኑዎች፣ መተርኮሻዎች፣ በክር የታሰሩ ፖስት ካርዶች። ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ትልቅ የነፍስ አድን ጎማ ተጋድሟል።

«እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ መርከብ?» ትላለች ሚስቱ አቧራ ስትጠርግ። ግን አንድም ቀን ጣለው ብላው አታውቅም። የሚፈልገውን ታውቃለች።

ካፒቴኑ በመርከቧ ላይ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ የእራት አዳራሽ አስተናጋጅ። በተደራረበ አልጋ እሱ ከታች፣ ጓደኛው ከላይ፣ ሰባት ዓመት አብረው ተኝተዋል። ሰውየው ሲበዛ ተጫዋች ነበር። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጣለውና በማያውቁት ወደብ አወረዱት፤ መርከቧም ሳትጠብቀው በሰዓቷ ተነሳች። በሦስተኛው ቀን መሞቱ ተሰማ። እዚያው ተቀበረ፤ ሻንጣው እንኳ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

ለእናቱ መርዶውን ይዞ የሄደው ካፒቴኑ ነው። እናትየው አልቅሰው ሲበቃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ፎቶውን ይዘሃል? እኔ ጋ ያለው የልጅነቱ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ መልኩን አላየሁትም።»

አልነበረውም። በመርከቧ ላይ ካሜራው የሚዞረው ወደ ተሳፋሪዎች እንጂ ወደ ሠራተኛ አልነበረም።

«እፈልግልዎታለሁ እማማ» አላቸው። ከአፉ ያመለጠችው ይህች ቃል አስራ አንድ ዓመት አንከራተተችው። የመርከቧ ስም ያለበት ሳጥን ለሽያጭ ወጣ ሲባል ይሮጣል። ነጋዴዎቹ ፎቶውን ከሰሃኑ ለይተው አይሸጡም፤ ስለዚህ ሁሉንም ተሸክሞ ይመጣል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ያጣዋል፣ ሰሃኑ ይቀራል።

አንድ ጠዋት አሮጌ ዕቃ የምትሸጠው ሴትዮ ደወለችለት። ተሳፋሪ የነበሩ ባልና ሚስት ሞተው ቤታቸው ሲጸዳ አልበማቸው እጇ ገብቷል። ካፒቴኑ ሱቋ ውስጥ ቆሞ ሲገልጥ አንድ ገጽ ላይ ቀረ። ባልና ሚስቱ ብርጭቆ አንስተው ይስቃሉ። በሁለቱ ትከሻ መካከል፣ ከበስተኋላ፣ ትሪ የያዘ ሰው ቆሟል። ካፒቴኑ ከፊቱ በፊት ያወቀው ጃኬቱን ነው፤ ግራ ኮሌታው ላይ እሱ ራሱ በካውያ ያቃጠላት ቡናማ ነጥብ ነበረች። ጓደኛው ያኔ «ማኅተምህን መታህብኝ» ብሎ ነበር የሳቀበት።

አልበሙን እንደያዘ አንድ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጫማውን ወልውሎ ወደ እናትየው ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ፎቶውን አየች፤ ወንድሟን አየች።

«ዘገዩ እኮ ጋሼ» አለችው በሹክሹክታ። «የእማዬ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው።»

ካፒቴኑ ተመልሶ ሊወጣ ነበር። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ባይመጣ ይወጣ ነበር።

ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ለስላሳ ወረቀት ብቻ ነው።

«በል እንግዲህ፣ አንተ ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው። ፀጉሩን፣ ግንባሩን፣ ጃኬቱን፣ ትሪውን የያዘበትን እጅ።

«ይስቃል?»

ካፒቴኑ ፎቶውን አየ። መዋሸት ቀላል ነበር።

«አይ እማማ። አይስቅም። የደከመው ይመስላል።»

«ከስቷል?»

«ትንሽ።»

እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ። ልጃቸው ሁለቱን ሰዎች ቆርጠን እሱን ብቻ እንስቀለው ስትል ግን ተቆጡ። «ተዪ! እነሱ ባይኖሩ ማን ያነሳው ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ሳምንት ሳምንት እየሄደ ያንኑ ፎቶ ይነግራቸው ጀመር። ልጃቸው ብትሞክርም «አንቺ አትችዪበትም» ይሏታል። አንድ ቀን ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁት፦

«አንተስ? ፎቶው ሲነሳ የት ነበርክ?»

«ታች ነበርኩ። አንሶላ ስተኩስ።»

«አንተንም ያነሳህ የለማ።»

 ቤቱን የሞላው ዕቃ ሁሉ ትዝ አለው፤ በዚያ ሁሉ ካርድና አልበም ውስጥ እሱ የለም።

እናትየው ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ከቀብር መልስ ልጃቸው ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው።

«እርስዎ ጋ ይሁን ጋሼ።»

«የለም» አላት። «ወንድምሽ ቤቱ ገብቷል። ደግሞ ወዴት ልውሰደው?»

መልሶ በእጁ ሰቀለላት፤ ትንሽ ቆሞ አየውና ወጣ።