ከበረዶው በፊት የነበረው ገብስ

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ እያለ ዝናብ መጣ። የጎረቤት ልጆች «ጅብ ወለደች!» እያሉ ሲሯሯጡ እኔ ገመድ ላይ ያሰጣሁትን የሱፍ ብርድ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ረጥቦ ነበርና ሸተተኝ። የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ታውቀዋለህ? ለብዙ ሰው ደስ አይልም። እኔን ግን ይዞኝ ደጋ አገር፣ ዘመሮ ገባ።

ዘመሮ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ከአዲስ አበባ ወጥቼም አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በለቅሶ ነው ያሳለፍኳቸው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና ቤቱንም ሰዉንም ይውጠዋል፤ በቅርብ ያለ ሰው ሲያስል ትሰማለህ እንጂ ማን እንደሆነ አታይም። የተከራየሁት ክፍል ባላቸው የሞተባቸው የአንዲት ሴት ነበር። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ብርዱ ሲጠናብኝ ከበግ ጠጉር ራሳቸው የፈተሉትን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አምጥተው ይደርቡልኝ ነበር። ያ ሽታ የእሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ፎቶ ቤት ይሠራ ስለነበር ስሄድ አንድ አሮጌ ሳጥን ካሜራ ሰጥቶኝ ነበር። ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ካሜራው ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሠራም። «ብርሃኑ ካላማረሽ አትንኪው» ብሎኛል። በልግ ሲገባ ታዲያ ተቸገርኩ። ጠዋት ፍንትው ያለው ሰማይ ካሜራዬን ይዤ እስክወጣ ይደፈናል፤ ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ከኋላዬ ይበራል። ስለዚህ የግቢው ካብ ላይ ተቀምጬ መጠበቅ ለመድኩ። እየጠበቅሁ ማየት ጀመርኩ። ጉሙ ሲሳሳ በመጀመሪያ የባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከዚያ በጎቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ልቤ ደስ ይለው ጀመር። ለቅሶዬ መቼ እንደተወኝ አላስታውስም።

እማማ ፀሐይ ሲወጣ «ተመስገን» ይላሉ፤ ጉም ሲወርድም «ተመስገን» ይላሉ። አንድ ቀን ለጉሙም ምስጋና ይገባዋል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ዝናቡ ሲዘገይ ገብሱን የሚያቆየው ጉሙ መሆኑን አስረዱኝ።

አንድ ልጅ ነበራቸው። በልጉ ተከታትሎ በከሸፈባቸው ጊዜ ወታደር ቤት ገብቶ ሐረር ማዶ ነበር። ለእረፍት በሚመጡ የአገሩ ልጆች በኩል ሁልጊዜ የሚያስጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮስ በልጉ እንዴት ነው? እሳቸውም ሁልጊዜ «ደህና ነው በሉት» ይላሉ።

በሚያዝያ ገብሱ አዘርዝሮ ቆመ። ያን ጊዜ እማማ ከጎኔ ካቡ ላይ መጥተው ተቀመጡና ዓይናቸውን ከማሳው ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ገብሱን ፎቶ አንሺልኝ። ያ ወታደሩ ልጄ የኔን ቃል አያምንም። ደህና ነን ባልኩት ቁጥር የደበቅሁት ነገር ያለ ይመስለዋል። ይህን ካየ ግን እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ለቀናት ጠበቅን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሳው ዳር እንደቆምን ጉሙ ለሁለት ተከፈለና ፀሐይዋ ገብሱ ላይ ወረደች። ጤዛው አብለጨለጨ፤ ከመሬቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ተነሳ። ካሜራው ጥቁርና ነጭ ብቻ እንጂ አረንጓዴውን እንደማያሳይ፣ ሰው ካልቆመበትም ገብሱ ሣር እንደሚመስል ነግሬ መሃል ይግቡ አልኳቸው። እሳቸውን ማየት ምን ያደርግለታል ብለው ተከራከሩ። መለመን ነበረብኝ። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ገብሱ ወገባቸው ደረሰ። እጃቸውን ዘርግተው ዛላውን ከሥር ደገፍ አደረጉት፤ የሰው አገጭ ቀና እንደሚደረግ። ያኔ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቆረ። በረዶው በሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ ድምፁ የታፈነ ነበር፤ የደጁ ግን ጆሮ ይበጥሳል። ግቢው ነጣ። ሲያባራ ፀሐይዋ ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ መልሳ ወጣች። እማማ ወደ ማሳው ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ገብሱ ከመሬት ተጣብቋል። ጥቂት ቆመው ተመለሱ፤ እጃቸውን ታጥበው እንዝርታቸውን አነሱና መፍተል ጀመሩ። ጎረቤቶች እየመጡ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። የእነሱም ማሳ አልቀረም ነበር።

ፊልሙን ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ነጋዴ ለወንድሜ ልኬ ስለነበር ፎቶው የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ልስጣቸው ወይስ ልደብቀው እያልኩ ስጨነቅ ውዬ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት። አንድ ወታደር በማግሥቱ ወደ ጦሩ እንደሚመለስና በእሱ እንደሚልኩት ነገሩኝ። እኔ ግራ ገባኝ።

«እማማ፣ እንዴት ይላካል? ገብሱ እኮ የለም።»

«ያን ጠዋት ነበረ» አሉኝ። «ፀሐይ ወጥቶለት አብረን አየነው። እግዜር የሰጠኝን ጠዋት፣ በረዶ መታው ብዬ አልሰጠኸኝም ልበለው?»

ፎቶው ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ ፎቶ በያዝኩ ቁጥር ያ ቃል ትዝ ይለኛል፤ አሁን እንኳ ስነግርህ ድምፃቸው ከነለዛው ይሰማኛል።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ወንድማቸው ከመርሐቤቴ ቆላ ማሽላ ጭኖ መጣላቸው። እሳቸው ቀድሞ በልቻለሁ እያሉ ለእኔና ለጎረቤት ልጆች ያካፍሉ ነበር። ለልጃቸው ግን መልእክታቸው ያው ነው፤ ደህና ነን።

መስቀል ባለፈ ሰሞን በአንድ ጉማም ጠዋት አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆመ። ካፖርቱ ከመንገዱ ጤዛ ርሷል። እማማ ማን እንደሆነ ሲለዩ ከመቀመጫቸው መነሳት አቃታቸው፤ እሱ ነው ጎንበስ ብሎ ያነሳቸው። ተሳስመው ሲያበቁ ያሳሰባቸው፣ ምን ነገር አምጥቶህ ነው የሚለው ነበር። ገብሱን ላክሁልህ አይደለም ወይ? አላየኸውም? አሉት።

እሱ ወደ እኔ ዞር ብሎ ተመለከተና መልሶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማዬ፣ ገብሱንማ ማን አየው» አለ። «ክንድሽን ነው ያየሁት። ቀጥኖብኝ አዛዡን ፈቃድ ለመንኩ።»

እማማ ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ያንን ሁሉ መንገድ ለክንድ ብሎ ይመጣል እያሉ ሲቆጡት ዋሉ፤ እየተቆጡም እጁን አልለቀቁትም።

እስከ ኅዳር ቆየ። የፈረሰውን ካብ ጠገነ፣ ጣራውን አደሰ፣ ማሳውን ለቀጣዩ በልግ ገለበጠ። ሊሄድ ሲል ሁለቱንም አብሬ ላነሳቸው ፈለግሁ። ጉሙ አልነሳ አለ። እኔ ብርሃን እንጠብቅ ስል እማማ፣ መንገደኛ አይዘገይም፣ እንዲሁ አንሺን አሉኝ። አነሳሁ።

በዓመቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነው። የገብሱ ፎቶ ከልጃቸው ጋር ቀረ። እኔ ጋ ያለው ያ የጉሙ ፎቶ ነው። ወንድሜ ተበላሽቷል፣ ጣይው ብሎኝ ነበር። ፊታቸው አይለይም፤ ሁለት ጥላ ብቻ ነው። ረጅሙ ወደ አጭሩ ጎንበስ ብሏል።