አባቴን እንደገና ያስቆመችው ሉባባ

ጠዋት ክፍል አስተምሬ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። የሉባባ ፎቶ አለ። ከሥሩ የሥራ ባልደረባዋ «ኢናሊላሂ» ብሎ ጽፏል። እሷ ስለ ሌላ ሰው ሞት ያጋራችው መስሎኝ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ልቤ ደነገጠና ተመለስኩ። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ወንድሟ አነሳው። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ግማሹን አልሰማሁትም። ማታ አርፋ ማለዳ እዚያው ባሕር ዳር ተቀብራለች።

እኔ አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋት፣ ሉባባ ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። የኛው የአርብ ገበያ ልጅ ናት። አባቴ ዛሬ በእግራቸው የሚሄዱት በእሷ ነው።

አባቴ ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ደብር ተምረው፣ እዚሁ አርብ ገበያ አጠገብ ባለ ደብር አቋቋም፣ ቆሞ በመቋሚያ የሚዘመመውን ዜማ፣ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። አንድ ክረምት ማለዳ ከመኝታቸው ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን ቀረ። ተኝተው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «አቋቋም ተቀምጦ አይመራም።» ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ደብር መበተን ጀመሩ። እሳቸውም እህል እምቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እንዲህ ሆነው ነው ባሕር ዳር ይዣቸው የሄድኩት።

ሉባባ ክፍል ውስጥ ትሬድሚል የሚሉት ማሽን ነበር። ወለሉ ከሥር ይሄዳል፣ ሰውየው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከላይ ካለው ብረት መታጠቂያ ተንጠልጥሏል። ሕመምተኛው እሱን ወገቡና ጭኑ ላይ ሲታጠቅ ክብደቱን ከላይ ይይዝለታል፤ የከዳውም እግር ከሚሄደው ወለል ጋር እየተጎተተ ቀስ በቀስ መራመድ ይለምዳል።

አባቴ አዩት፣ አዩትና «እኔ ጆንያ ነኝ የምሰቀለው?» አሉ።

እኔ ለመንኳቸው። ሉባባ አልለመነችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መታጠቂያውን ራሷ ታጠቀች፤ ማሽኑ ላይ ወጥታ ትንሽ ተራመደችና ሁለት እግሯን አጥፋ ተንጠለጠለች። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች አየር ላይ ስትወዛወዝ አባቴ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

የአርብ ገበያው የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። አባቴ በደህናው እጃቸው ጥምጥማቸውን ነካ አደረጉ። «ይኸን የገዛሁት ካባትሽ ነው» አሉና መታጠቂያውን እንድታስርላቸው ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ነው። ከማሽኑ ጎን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአባቴን ቀኝ እግር በሁለት እጇ እያነሳች ታስቀምጥ ነበር። አጎንብሳ መዋሏ ያሳፍራቸዋል፤ ተይ ልጄ፣ ወገብሽ ይሏታል። እሷ መልሷ አንድ ነው፦ «የኔታ፣ መንገዱ ራሱ ይመጣል፤ እርስዎ ብቻ ይቀበሉት።» ደስ ያላቸው ቀን ዜማቸውን በጉሮሯቸው እያሉ ይራመዳሉ፤ እሷም ማሽኑን በዜማቸው ልክ ታዘገየዋለች። ተስፋ የቆረጡበትም ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ፎጣ ታቀብላቸውና ዞር ትላለች።

አንድ ቀን እየተራመዱ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቀጥ አለ። አባቴ የሚወድቁ መስሏቸው ደነገጡ፤ እኔም ልደግፋቸው ሮጥኩ። ሉባባ በእጇ ከለከለችኝ። ከላይ የያዛቸውን ገመድ ጨብጣ ወዲያ ወዲህ አደረገችው።

«የኔታ፣ ገመዱ ላልቷል። አሁን የቆሙት በራስዎ ነው።»

አባቴ ወደ ገመዱ አዩ፤ ከዚያ ወደ እግራቸው። በግእዝ ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አሉ፤ ምስጋና መሆኑን ብቻ ነው የለየሁት። ሉባባ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ሁሉም ተመለሰ ብዬ አልዋሽም። ቀኝ እጃቸው ዛሬም እንደታጠፈ ነው፣ እግራቸውም ይጎተታል። ግን መቋሚያቸውን በግራ ይዘው ቆመው ያስቀድሳሉ። ከተማሪዎቻቸውም ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ቆመው ያስተምሯቸዋል።

እዚህ አርብ ገበያ ማሽን የለ። ሉባባ ለኢድ እናቷ ጋ በመጣች ቁጥር ቤታችን ሳትደርስ አትመለስም ነበር፤ ግቢ ውስጥ ታስኬዳቸዋለች። አንዴ ብብታቸውን ይዤ ስታየኝ ተቆጣችኝ፦ «አትያዣቸው፣ ከጎናቸው ሂጂ።» ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ከስታ ነበር። ምነው ስላት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብላ ወሬውን ወደ አባቴ እግር መለሰችው። ታማ እንደነበር ያወቅኩት ዛሬ ከወንድሟ ነው።

ለአባቴ እንዴት ልንገራቸው ብዬ ተጨንቄ ቤት ገባሁ። ሰምተው ኖሮ ለብሰው ጠበቁኝ። ባጃጅ ልጥራ ብላቸው እምቢ አሉ። ገበያውን አቋርጠን፣ እያረፍን፣ እናቷ ቤት ደረስን። እናቷ በእርጅና ለልጃቸው ቀብር እንኳ አልደረሱም። አባቴን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው በአባቴ እግር ላይ ቀረ።

«ሉባባ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ የኔታ ይሄዳሉ ወይ ብላ ነበር» አሉ።

አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ይኸው፣ በእግሬ መጣሁላት» አሉ።

ሉባባዬ፣ አፈር ስትለብሺ አጠገብሽ አልነበርኩም፤ ይኸ ይቆጨኛል። አባቴን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ቆመው ነው፤ እርጅናቸውንም ቆመው እንዳይ አደረግሽኝ። ይኸን የምከፍልበት የለኝም። አላህ በወዲያኛው አገር ማረፊያሽን ያስፋልሽ። በኛም ቤት ጸሎት ሲደረስ ስምሽ ይጠራል፤ አባቴ ከአሁኑ ጀምረዋል።

አመሰግንሻለሁ፣ እህቴ። በሰላም ግቢ።