የላይኛው ኩሬ

ከሰቆጣ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ገላችንን የምንታጠበው ዓርብ ዓርብ ነበር፤ ቅዳሜ ሰንበት ነውና። ወንዶች በላይኛው ኩሬ፣ እኛ ሴቶች በታችኛው እንታጠባለን። የሳሙናቸው አረፋ ከነእድፋቸው ወደ እኛ ይወርዳል። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።»

ሌላም ሥርዓት ነበር። ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ነጠላ ከተሰጣ ሴት እየታጠበች ነው ማለት ነው፤ ቄስም ይሁን ገበሬ ያን አልፎ አይወርድም።

አንድ ዓርብ ከአክስቴና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ገና ጎህ ሲቀድ ወረድንና ነጠላችንን በላይኛው ኩሬ ዳር አሰጣን። ወንዶቹ መጡና ዳገቱ ላይ ቆሙ። አንድ ጎልማሳ ጎረቤታችን ሳሙናቸውን እንደያዙ፣ «ቦታችንን ልቀቁ እንጂ» አሉ። አክስቴ ከውኃው ሳትወጣ፣ «ነጠላው አይታይዎትም?» አለቻቸው። ማንም አልወረደም። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ዓርብ ወንዶቹ ሳይጠይቁን ወደ ታችኛው ኩሬ ሄዱ።

ዘንድሮ ልጄ የወንዙን ታሪክ ጽፈሽ ነይ ተብላ ከትምህርት ቤት ታዘዘች። እኚያኑ ጎረቤታችንን ጠየቀቻቸው፤ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው፣ «ሴቶች ከላይ፣ ወንዶች ከታች፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» አሏት።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አላረምኋቸውም። የአባቶችን ሥርዓት ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ ግን አውቃለሁ፤ ሦስት ዓርብ።