እሑድ የማይመጣው ኒውትሪኖ

ዶክተር ጌታሁን አሻጥረኛ ያለኝ የአብዮት በዓል ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ፣ በባልደረቦቼ ፊት። ስሙን የምጽፈው እንዳልረሳሁት እንዲያውቅ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ረዳት ቴክኒሽያን ሆኜ የተቀጠርኩት በእሱ ሥር ነው። የመጀመሪያው ቀን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሬ ወጣሁ። ከሰፈሩ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍልና በአራት ግንድ ላይ የቆሙ አራት አንቴናዎች ነበሩ። አንቴናዎቹ ወደ ሰማይ አያዩም፤ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረዋል።

«አቅጣጫቸው ልክ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ዶክተሩ ሳቀ። «ከሰማይ የሚመጣውን ሁሉ ብንቀበል መለየት አንችልም» አለ። «ተራራው ወንፊታችን ነው። ከሩቅ ጠፈር ከሚመጣው ሁሉ ድንጋይ አቋርጦ የሚያልፈው ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ብቻ ነው። አልፎ አልፎ አንዱ ሊወጣ ሲል ድንጋዩን ይመታል። ያን ጊዜ የቅንጣቶች ዶፍ ይወርዳል፣ ዶፉም ለቅጽበት የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። የምንጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው።»

ማስተማር ይችል ነበር። ይህን አልክድም።

ሥራዬ ገመዶቹን መፈተሽ፣ ዝናብ የገባበትን ማያያዣ ፈትቶ ማድረቅና መልሶ መበየድ፣ የመቅጃውን ወረቀት መቀየር ነበር። ሞገድ ሲመጣ የመቅጃው ብዕር ይዘላል፤ ካልመጣ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። የየቀኑን ወረቀት ቆርጠን መዝገብ ላይ እንለጥፋለን፤ ከሥሩ ተረኛው ይፈርማል። ያልተፈረመበት ወረቀት እንደሌለ ይቆጠራል። የእሑድ ተረኛ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ተረኞች፣ ወንዶቹ፣ ሚስትና ልጅ አለን ብለው እሑድን ለእኔ ትተውታል።

ደካማውን ሞገድ የሚያጎላው አዲሱ ማጉያ እንደተገጠመ ብዕሩ መዝለል ጀመረ። በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። «ይህ ለበዓሉ ሪፖርት ይደርሳል» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የእሑዱን ወረቀት አየሁ። ቀጥ ያለ መስመር ነው። የሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው ሆነ። ምክንያቱን እስካውቅ ሁለቱንም ሳልለጥፍና ሳልፈርምባቸው አቆየሁ።

ነገሩን ያመላከቱኝ ጥበቃው ጋሽ ወልዴ ናቸው። በሦስተኛው እሑድ ከክፍሏ ደጅ ተቀምጠው ተራራውን ቆርጦ የሚወጣውን መንገድ ያያሉ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነው፤ እሑድ የግል መኪና መንዳት ተከልክሏል።

«እሑድ እሑድ ይህ አቀበት ያርፋል» አሉ። «አንዲት መኪና አታቃስትበትም።»

ብዕሩን አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። አንቴናዎቹ ያነጣጠሩት መንገዱ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ልዩ ፈቃድ ባለው የመሥሪያ ቤት መኪና መጣ። አቀበቱን ሲጀምር ብዕሩ ዘለለ። ደጅ ላይ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ብዕሩ ቆመ።

ጋሽ ወልዴ በበሩ አንገታቸውን አስግገው «ከሰማይ ስትጠብቂው የከረምሽው እንግዳ ይኸው መጣልሽ፤ መኪና ተሳፍሮ» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታዎን፣ ሞተሩን አንዴ ያስነሱልኝ» አልኩት። አስነሣ። በመስኮቱ ብዕሩ ሲዘል ራሱ አየ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ ሬዲዮ እንደሚረጭ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። 

«የሦስቱን እሑድ ብልሽት ብለሽ ፈርሚ። ወረቀቶቹን ጣያቸው» አለ።

«መሣሪያው እኮ ደህና ነው።»

«ታዲያ ኒውትሪኖም የቤንዚን ኩፖን አለበት ብዬ ለበላይ አካል ልጻፍ? ከበዓሉ በኋላ አስተካክለዋለሁ። ሥራሽን አትፈልጊውም?»

ፈረምኩ። ሦስት ጊዜ «የመሣሪያ ብልሽት»፣ ሦስት ፊርማ። ወረቀቶቹን ግን አልጣልኳቸውም፤ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ መሣሪያውን የተከለው የውጭ አገር ባለሙያ ለጉብኝት መጣ። መዝገቡን ገልብጦ በአስተርጓሚ ጠየቀ፤ «ይህ መሣሪያ ለምን እሑድ ብቻ ይበላሻል?»

ዶክተር ጌታሁን ወደ እኔ ሳያይ «እሑድ ተረኛዋ እሷ ናት» አለ።

በዚያው ሳምንት ክበቡ ተሰበሰበ። ዶክተሩ ተነሥቶ፣ እኔን እያመለከተ፣ ጓድ አስካለ የበዓሉን ሪፖርት ለማሰናከል መሣሪያውን ሆን ብላ ታበላሻለች፣ ይህ አሻጥር ነው አለ። ሰብሳቢው መዝገቡን አነሣ።

«ጓድ፣ ፊርማው ያንቺ ነው አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

ቤቴ ያሉትን ወረቀቶች ላንሣ ብል ሐሰት መፈረሜን ማመን ነው። አላነሣኋቸውም። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፤ አደረግሁ። ማዕረጌ ተነሥቶ ኮተቤ ወደሚገኝ መጋዘን በዕቃ ቤት ረዳትነት ተዛወርኩ። ሪፖርቱ በበዓሉ ተነበበ፣ ተጨበጨበለት። ደርግ እስኪወድቅ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ከወንዶቹ አንድም ቀን ብቅ ያለ የለም። ጋሽ ወልዴ ብቻ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀውኛል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የድሮ መዝገቦች እየተሰበሰቡ መሆናቸውን ሰማሁ። ሦስቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ወጣት ዘርግቶ አያቸው።

«እናቴ፣ በሦስተኛው ላይ ካለችው ከዚህች ዝላይ በቀር እነዚህ እኮ ምንም የለባቸውም።»

«አለባቸው» አልኩት።

በሙያው ላላችሁ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ቀጥ ያለ መስመርም ልኬት ነው፤ እንደሌላው ይለጠፋል፣ ይፈረምበታል።

የድሮ መዝገባችንንና ሙጫ አስመጣሁና ሦስቱንም በየቦታቸው፣ «የመሣሪያ ብልሽት» በሚለው ላይ ለጠፍኳቸው። ከሥራቸው «መሣሪያው ደህና ነበር። ብልሽት ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው። ያዘዘኝ ዶክተር ጌታሁን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ በመገናኛ በኩል ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ።