አራተኛው ሳህን በብሬታኝ

ከሰፈራችን ከሬኒየር ቢች በላይት ሬል ባቡር ወደ ኤርፖርት ስንሄድ እማዬ የቤቱን ቁልፍ ደጃፉ ላይ ካለው አበባ ሥር ትታ ነው የወጣችው። «ሳምሶን ቢመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?» አለችኝ።

ሳምሶን ወንድሜ ነው። አላስካ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ጀልባዋ ከሰጠመች ሦስት ዓመት ሆነ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ እማዬም «ሳላየው አላለቅስም» ስላለች ለቅሶ አልተቀመጥንም። ማታ ማታ የሱን ሳህን አቅርበን፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ነው የምንበላው።

እኔ ካፒቶል ሂል ሰፈር ያለ ምግብ ቤት አብሳይ ነኝ። የፈረንሳይን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ብሬታኝን የመረጥኩት ለምግቡና ለድንጋይ አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። እማዬን ያመጣኋት ግን ከዚያ ገበታ ላርቃት ብዬ ነው።

ወደቡ ላይ በስምንት ዩሮ ጋሌት በላን፤ ጠቆር ካለ ዱቄት የሚጋገር፣ እንቁላልና አይብ የሚታጠፍበት ስስ ቂጣ ነው። ከነቅርፊቱ በጥሬው የሚበላውን የባሕር እንስሳ፣ ኦይስተርን ሳቀርብላት እማዬ ሸሸች። «ይሄ እኮ ነፍሱ አልወጣም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ግቢው ዳር ባለች ትንሽ የድንጋይ ቤት የጥንት ሙታን ራስ ቅል ተደርድሮ ወደ መንገዱ ያያል። እኔ ፈጠን ብዬ አለፍኩ። እማዬ ግን ቆማ አየቻቸውና «እነዚህስ ተገኝተዋል» አለች።

ማታ

ያረፍነው ማዳም ኢቮን የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ከሳቸው ጋር ሦስት ነን፣ ገበታው ላይ ግን አራት ሳህን ነበር። በባሕሩ በኩል ያለው በር ገርበብ ብሎ ጉሙ ይገባል። እማዬ እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ምግቡን ግን አልነካችም።

«አባወራው ሳይመጣ እንዴት ብዬ እጄን እሰዳለሁ?»

እንግዳ ካልጀመረ ማዳም ኢቮንም አይጀምሩም። ቅቤው ረጋ። ሦስታችንም በሩን እያየን ተቀመጥን። ፈራሁ። በመጨረሻ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ባለቤታቸው መቼ እንደሚመጡ ጠየቅኩ።

«ባሕሩ ከወሰደው ቆየ» አሉ በእርጋታ። «ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ዋዜማ ነው፣ ድርሻውን እናስቀምጥለታለን። አንጠብቀውም ግን። እኛ እንበላለን።»

ለእማዬ ተረጎምኩላት።

«አስከሬኑን አይተውታል?»

«አላዩትም» አልኳት ጠይቄ።

በሩ ቀስ ብሎ ወለል አለ። ማንም የለም። እማዬ ጨለማውን ለረጅም ጊዜ አየችና ጋሌቷን ቆረሰች።

ጠዋት አራተኛው ሳህን ባዶ ነበር። እማዬ «ድመት አላቸው?» ብላ አስጠየቀችኝ። ማዳም ኢቮን ሳህኑን እያጠቡ «የለኝም» አሉ።

ሬኒየር ቢች ስንደርስ ቁልፉ አበባው ሥር እንደነበረ ነው። እማዬ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማታ የሳምሶንን ሳህን ስታቀርብ እኔም እንደ ልማዴ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

«ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

በልተን ስንጨርስ ተነሳችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ሰው ጥሪ» አለችኝ።