ከጋሽ ታደሰ ጋር ወደ መርከብ ጠቋሚው ማማ

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ከሪጀንት ፓርክ የተነሳነው አንድ የድንጋይ ማማ ለማየት ነው። ከቶሮንቶ ፊት ለፊት ባለው ደሴት ላይ፣ ጥንት መርከብ ሲመጣ ባንዲራ ሰቅሎ ለከተማው የሚያበስር የመብራት ማማ እንዳለ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ደግሞ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ማማ ላይ ሆነው የሚመጣ መርከብ ሲጠባበቁ የኖሩ ሰው ናቸው። "እኔን ጥለሽ ልትሄጂ?" ብለው መኪናቸውን አስነሱ።

ደንዳስ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ጥሰው አለፉ። በሐዲድ የሚሄደው የስትሪትካር ነጂ ደወሉን አንጫረረው። እሳቸው ስለ ምጽዋ ሙቀት ይተርካሉ፤ እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ዝም አልኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው "አላዩም እንዴ?" ማለት ከበደኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። የልጅ ልጃቸውን ሰላምን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አለኝ።

ረፋድ፣ አራት ሰዓት ተኩል

መኪናውን አቁመን፣ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረውን የጀልባ ትኬት ማን ይክፈል ተባብለን ተጨቃጨቅን፤ እንደተለመደው አሸነፉኝ። ደሴቱ ላይ ወርደን ቆሎ እየቆረጠምን ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን።

ማማው ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠበብ ያለ፣ ስድስት ጎን ያለው ነው። አናቱ ቀይ ነው፤ በሩ ተቆልፏል። የገረመኝ ግን ዛፎች መሃል መቆሙ ነው። ሲሠራ ውሃው ዳር ነበር ይባላል፤ ሐይቁ አሸዋ እየከመረ ዳርቻውን አራቀው። የሚሰቀለው ባንዲራ መርከቡ ከየት እንደመጣም ይናገር ነበር።

"እኛ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነበር የምንጠብቀው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "አንዱ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሌላው ራሱ አይቶ 'አዎ' ወይም 'አይደለም' ይላል። አለቃሽም ቢሆን ከተሳሳተ 'አይደለም' ነው።"

"አለቃው አይቆጣም?"

"ይቆጣ! መርከብ ከሚሰበር።"

ወደ ውሃው ወረድን። ጣታቸውን ቀስረው "ነጭ ጀልባ፣ ወደኛ እየመጣች ነው" አሉ ጮክ ብለው።

አየሁ። "አይደለም፣ ጋሼ። ዝይ ናት።"

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "የጠዋቱስ? ደወል ሰምቻለሁ።"

"ቀይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አፈርኩ።"

"አፈርሽ!" ብለው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

ከፓርኪንጉ የነዳሁት እኔ ነኝ። ታሪካዊ ማማ ለማየት ሄጄ የተማርኩት ስለ ራሴ ነው፤ አክብሮት እያልኩ የያዝኩት ዝምታ ለእኔ ምቾት እንጂ ለእሳቸው አልነበረም።

ልጃቸው ሂሩት፣ የሰላም እናት፣ ቤታቸው በር ላይ ጠበቀችን። "ዛሬ ምነው አንቺ ድራይቭ አደረግሽ?"

ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ነገሯት፤ ቀይ መብራቱንም፣ ዝይዋንም። ሂሩት አንገቷን ደፋች።

"አባባ፣ እኔም ዓይንዎ መድከሙን ኖቲስ ካደረግሁ ቆየሁ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"ልጅሽን በየጠዋቱ ከኋላዬ አስቀምጠሽ?" አሉ በቀስታ።

ሂሩት እጇን ዘረጋች፤ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኋት።