በሽምግልና የተዘጋው ስህተት

ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ፣ ፊቱ በመስታወት ጀርባው በብሎኬት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ባለ የሶፍትዌር ቢሮ፣ በየጠዋቱ የሚካሄድ አንድ ሥርዓት አለ። ወንበር ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ይቆማል። ስሙ ስታንድአፕ ነው። የሚቆመው ስብሰባው እንዲያጥር ነው ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ዘርአጽዮን ግን ቆሞ ማውራት የማይደክመው ሰው ስለሆነ አጥሮ አያውቅም። እያንዳንዱ ትናንት የሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና ያጋጠመውን እንቅፋት ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ሁሉም አንደበተ ርቱዕ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ቤቱ እስከ ጣሪያው እንቅፋት ተሞልቶ ሳለ፣ አንዱ "ምንም የለም" ይላል፤ ቀጣዩም "ምንም" ይላል፤ እንዲህ እያለ ተራው ሀጀር ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጫማውን መመርመር ይጀምራል።

ሀጀር አብዱልገኒ ቴስተር ናት። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ደንበኛው እጅ ከመግባቱ በፊት እየነካካች፣ እያስጨነቀች፣ የሚሰበርበትን ቦታ መፈለግ ነው ሥራዋ። ባጭሩ ደመወዝ የሚከፈላት "ይሄ አይሠራም" እንድትል ነው። "አይሠራም" ማለት ከእናት ስድብ በማይተናነስበት ቢሮ ውስጥ ይህን ሙያ ጤነኛ ሰው ወዶ አይገባበትም። እሷም ወዳ አልገባችም። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሳ ስትወጣ የተገኘው ክፍት ቦታ ይኸው ብቻ ነበር፤ "ለጊዜው ያዢው" አሏት። ጊዜው ይኸውና ከሻርፗ ሥር ሽበት እስኪያወጣ ድረስ አላለቀም።

ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቷ አብዱልገኒ በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጥ ነበር። ረዳቱ ተሰላችቶ "ትናንት አዳምጠናቸው የለም ወይ?" ሲለው፣ "ትናንት ያዳመጥነው የትናንቱን ጎማ ነው" ይለው ነበር። ሀጀር ይህን ጠባይ ከየት አመጣሽው ብትባል ስለ ጎማው ልታወራ ትችል ነበር። የጠየቃት ግን የለም፤ እሷም መገናኛ ላይ የገርጂ ታክሲ ሰልፍ ይዛ ስትቆም ስለ ራሷ የምታወራበት ጉልበት አይተርፋትም።

ችግሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ቢሮው ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ክሊኒክ አንድ መተግበሪያ ሠራ። ታካሚ በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ቀጠሮውም መድኃኒቱም በቁጥሩ ይያዛል። አንዱ ቅርንጫፍ ሙከራ ጀምሮበታል፤ ሰኞ ለሁሉም ሊከፈት ነው። ሀጀር ስትነካካው ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ቁጥር ከተመዘገበ የኋለኛው የፊተኛውን እንደሚውጠው አገኘች። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ቀድሞ የነበረው ይጠፋል። ስህተት ሲገኝ እንደሚደረገው ቲኬት ከፈተችበት። ቲኬት ማለት "ይህ ይስተካከል" የሚል መዝገብ ነው፤ የከፈተው ቴስተር ራሱ ካልዘጋው መተግበሪያው አይለቀቅም።

ፕሮግራሙን የጻፈው ቶሚ ነው፤ ሁሉም የሚወደው፣ ቀልደኛ፣ በሥራውም የሚታማ አይደለም። "በተባለው መሠረት ይሠራል" ብሎ ጻፈና ቲኬቱን መለሰላት። አልዘጋችውም፤ መልሳ ላከችለት። "እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል" ብሎ መለሰው። እንደገና ላከችው። ከዚያ ወዲያ "ሀጁ" ማለቱን አቆመና "እህት" ይላት ጀመር። በመጨረሻ ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ቆመ።

"አንቺ ከኔ ጋ ምን አለሽ?"

"ካንተ ጋ ምንም የለኝም። ከቲኬቱ ጋ ነው።"

"ቲኬቱ ላይ ስሜ አለ።"

"ስምህን እኔ አልጻፍኩትም። ሲስተሙ ነው የሚያወጣው።"

"ክሊኒኩ ፈርሞ በሰጠን ወረቀት ላይ አንድ ሰው አንድ ስልክ ነው የሚለው። እኔ የተባልኩትን ነው የሠራሁት።"

"ገርጂ ና፣ አንድ ስልክ ለስንት ሰው እንደሆነ ላሳይህ።"

"ገርጂ ደግሞ ምን ቀረኝ?" አለና ሄደ።

እዚህ ላይ ሌላ ቢሮ ቢሆን ሁለቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ነገሩን ይፈትሹት ነበር። የዚህ ቢሮ ሊቃውንት ግን የተሻለ ዘዴ አላቸው፤ ሽማግሌ ላኩ።

ሽማግሌው የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ አረጋዊ ናቸው። ወጣት ለመምሰል በሚታገለው በዚያ ቤት ሽበታቸውን ሳይቀቡ የሚገቡ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ የተጣላ ባልና ሚስትም፣ ፈቃድ የተከለከለ ዘበኛም፣ አሁን ደግሞ የተጋጨ ፕሮግራምም ወደ እሳቸው ይመጣል። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ የምሳ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ገበታው የጾም ስለሆነ ሀጀርም ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፤ በሌላው ቀን ሥጋው ስለሚለያያቸው እናቷ የቋጠረችላትን ብቻዋን ትበላለች። ለእርቅ ዓርብን የመረጡት አውቀው ነው።

"ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቀውም" አሉ ጋሼ አረጋዊ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ሰው ግን አውቃለሁ። ይሄ ልጅ ተከፍቷል። ሰሞኑን እህል በቅጡ አልቀመሰም።"

ሀጀር ቶሚን አየችው። የሽሮው መሐል ላይ ደርሶ ነበር።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም።"

"ካልተጣላችሁማ መታረቅ ምን ያስቸግራል?"

ሀጀር እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

ዘርአጽዮን ጣቱን በሶፍት እየጠረገ ገባበት። "ጋይስ፣ ዋናው ቲም ስፒሪት ነው። እኛ አጃይል ነን።" ይህች አጃይል የምትባል ቃል በተፈጠረችበት ቦታ፣ ትንሽ እየሠሩ ቶሎ ቶሎ እያረሙ መሄድ ማለት ናት አሉ። ቦሌ ስትደርስ ማረሙ ጉምሩክ ላይ ተይዞ ቀረና ቶሎ ቶሎው ብቻ ገባ።

"ስለ ሽበቴ ስትይ ዝጊው" አሉ ጋሼ አረጋዊ። "ከሰኞ በኋላ ያስተካክለዋል። አይደል ቶሚ?"

"እንግዲህ ከሰኞ በኋላ እናየዋለን" አለ ቶሚ።

ሀጀር አላመነችም፤ አልፈራችምም። ደክሟት ነበር። አንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እጃቸውን ሰብስበው ሲያዩዋት፣ ያ ሁሉ ዓይን ከሥራዋ ሁሉ ከበዳት። ስልኳን አውጥታ ቲኬቱን ዘጋችው። ቶሚ ከጎመኑም ከምስሩም ጠቅልሎ ትልቅ ጉርሻ አጎረሳት፤ ጋሼ አረጋዊ መረቁ፤ ዘርአጽዮን አጨበጨበ። በጉርሻ የተስተካከለ ፕሮግራም ካለ ይኸው እሱ ነው። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ሀጀር እስክትውጠው ድረስ ምንም መናገር አልቻለችም፤ ከዋጠችው በኋላም አልተናገረችም።

ቅዳሜ እናቷን ሲቲን ይዛ ገርጂ ወዳለው ክሊኒክ ሄደች፤ ሙከራው የተጀመረበት ቅርንጫፍ ነው። ሲቲ ስኳር አለባቸው። የኮንዶሚኒየም ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉአለም ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ ስልካቸውን በታክሲ መስኮት ከነጠቋቸው ወዲህ በሲቲ ቁጥር ነው የሚገለገሉት። ሀጀር ይህን ብታውቅም ሙሉአለም በዚያው ሳምንት መጥተው በዚያ ቁጥር መመዝገባቸውን አላወቀችም።

ውኃ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ እናቷ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆመዋል። ፋርማሲስቷ "ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ፣ እሺ እናቴ?" ትላለች፤ እናቷም "እሺ የኔ ልጅ" ይላሉ። ሀጀር ከእጃቸው ተቀብላ አነበበችው።

"እማ፣ ይሄ የግፊት ነው።"

"ልጅቷ ናት የሰጠችኝ።"

"ማን ብላ ጠራችሽ?"

"ሙሉአለም አለችኝ።"

"አንቺ ሙሉአለም ነሽ?"

"እኔማ ሲቲ ነኝ አልኳት። ኮምፒውተሩ ሙሉአለም ነው የሚለው አለችኝ። ብታየው ብታየው ያው ነው። ላብ ላብ አላት ሚስኪን። ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ ላሳፍራት እንዴ? እሺ አልኳት።"

"ልትውጪው ነበር?"

"ሐኪም ቤት የሰጠኝ አይደል?"

ሀጀር ልትቆጣ አፏን ከፈተች። በምን አፏ? ትናንት ሰው ላለማሳፈር የጎረሰችው ገና ከጉሮሮዋ አልወረደም። ታካሚው ልጅቷን አያሳፍርም፣ ልጅቷ ኮምፒውተሩን አታሳፍርም፣ ቴስተሯ ፕሮግራመሩን አታሳፍርም፤ ይህ ሁሉ የተከበረ ሕዝብ እየተከባበረ የሰው መድኃኒት ሊውጥ ነው።

መድኃኒቱን መለሰች፤ የድሮው የወረቀት ካርድ ተፈልጎ የእናቷ ተሰጣቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። የተዘጋውን ቲኬት መልሳ ከፈተችና ከሥሩ ጻፈች፦ "ዛሬ ለስኳር ታካሚ የሌላ ሰው የግፊት መድኃኒት ተሰጥቷል።" እናቷ ትከሻዋን ደገፍ ብለው "ለሥራ ነው?" አሉ። "ለሥራ ነው" አለች። "ቅዳሜም? አላህ ያበርታሽ።"

ሰኞ ጠዋት ክቡ ተሠራ። ምንም የለም፤ ምንም፤ ምንም የለም። ሀጀር ጋ ደረሰ።

"እንቅፋት አለ" አለች።

ወሬው ቀድሟት ነበርና ስታንድአፕ ላይ ታይተው የማያውቁት ጋሼ አረጋዊ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል።

"እርቅ አፈረስሽ፣ ልጄ።"

"ከቶሚ ጋ ያለው እርቅ አልፈረሰም፣ ጋሼ። እኔ ከሱ ጋ ጠብ የለኝም።"

"እኔ መሐል ገብቼ፣ ሽበቴን አስይዤ…"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ የሰው መድኃኒት ልትውጥ ነበር።"

ጋሼ አረጋዊ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

"እናትሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። አልዋጠችውም።"

"እንኳን አልዋጡት" አሉና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ዘርአጽዮን ለክሊኒኩ ደውሎ ሙከራውን አስቆመ፤ የሰኞው መክፈቻም "ለላቀ ጥራት ሲባል" ተራዘመ። ስህተት ተገኘ ማለት ነውር ነው፤ ጥራት ላቀ ማለት ግን ጋዜጣዊ መግለጫ ይወጣዋል። ሀጀርን የነካት የለም። ያናገራትም የለም። ሻይ ቤት ስትገባ ወሬ ይቀየራል፤ ሊፍት ስትጠብቅ ሰው ደረጃ ያምረዋል።

ረቡዕ ጠዋት፣ ትሪው ላይ እንደማትጠራ ስላወቀች፣ የጾም ቀን መሆኑን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ከእናቷ የተረፈ ወጥ ይዛ ወጣች። በምሳ ሰዓት ከወዲያ ሳቅ ይሰማል። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ ቶሚ ነው።

"በአንድ ስልክ ስንት ሰው ይገባል እናንተ ጋ?"

"እናቴ፣ ሙሉአለም፣ ከታች ደግሞ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሲጠናባቸው ይመጣሉ።"

ቶሚ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "እኛም ቤት እንደዛው ነው። እናቴ በኔ ስልክ ነው። አክስቴም።"

ሀጀር እንጀራውን እንደያዘች ቀና አለች። "ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል፣ ሀጁ። ዘርአጽዮንም እናት አለው። ማን ይናገራል?"

ይህን ሲል አላፈረም፤ እሷም ልታሳፍረው ጉልበት አልነበራትም።

"ከሥሩ ነው የምነቅለው" አለ ቶሚ። "ጊዜ ይፈጃል።"

"ይፍጅ።"

"ሲያልቅ ትዘጊዋለሽ?"

"ከሠራ።"

"ለኔ ስትይ እንኳ?"

"ከሠራ አልኩህ።"

ቶሚ በአፍንጫው ሳቅ አለ። ከዚያ እንደ ድሮው ሳይጠይቅ እጁን ወደ ምሳ ዕቃዋ ሰደደ።

"ተው፣ ሥጋ አለው" አለች።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ወጡን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀኑንም አስታወሰ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

"እንኳን ነገርሽኝ" አለ።

ሀጀር ይህን ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ሰምታው አታውቅም። ልትደሰትበት ፈለገች፤ ግን ወጡ እየቀዘቀዘ ነበርና መብላቷን ቀጠለች።